ከሞረድ እስከ ኮምፒዩተር፦ የማይክሮዌቭ መሣሪያዎች ንድፍ አጭር ታሪክ

አናጢ ጠረጴዛ ሲሠራ እግሩ ቢያጥር ወይም ገጹ ቢጣመም ጉድለቱን በዓይኑ አይቶ በመላጊያው ያቃናዋል። በማይክሮዌቭ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ የሚነድፍ መሐንዲስ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ሞገዱ በብረት ቱቦ ውስጥ ሲጓዝ፣ ከማዕዘን ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ፣ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ሲያልፍ የሚሆነው ነገር ሁሉ ከሰው የስሜት ሕዋሳት የተሰወረ ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ ታሪክ የማይታየውን በመለኪያና በስሌት ለማወቅ የተደረገ ረጅም ጥረት ታሪክ ነው።

በአሁኑ ዘመን ይህ ጥረት በአብዛኛው የሚካሄደው በኮምፒዩተር ነው። ሲሙሌሽን ወይም የማስመሰያ ስሌት በሚባለው ዘዴ አማካይነት የአንድ አንቴና ወይም የአንድ ማጣሪያ ጠባይ ብረቱ ሳይቆረጥ አስቀድሞ ይሰላል። ኮምፒዩተሩም ሞገዱ የበረታበትን በቀይ፣ የደከመበትን በሰማያዊ ቀለም እያሳየ ያማረ ሥዕል ያቀርባል። ሥዕሉ ከማማሩ የተነሣ እንደ ፎቶግራፍ ቆጥሮ ያለ ጥርጥር የሚቀበለው ባለሙያ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የስሌት ውጤት እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ስሌትም ሊሳሳት ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የማስመሰያ ስሌት ከየት ተነሥቶ ዛሬ ካለበት ደረጃ እንደ ደረሰ ባጭሩ ማውሳትና፣ እግረ መንገዱንም የባለሙያውን አመኔታ እንዴት እንዳገኘ ማሳየት ነው። ብዙ ሰዎች አመኔታው ከማሽኖች ፍጥነት የመጣ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ዘዴዎቹ የታመኑት መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ጥያቄ እየተፈተኑ ስሕተታቸው ከተጋለጠና ከታረመ በኋላ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲገነዘብ ይሁን።

ሕጉ ታወቀ፣ ስሌቱ ግን ከበደ

የሙያው መሠረት የተጣለው በ1865 ነው። በዚያ ዓመት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የኤሌክትሪክና የማግኔት ኀይሎችን አንድ አድርጎ የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አሳተመ፤ ብርሃንም ራሱ የዚሁ ሞገድ ዓይነት መሆኑን አመለከተ። ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1880ዎቹ ዓመታት የማክስዌልን በርካታ እኩልዮሾች ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ወደምናገኛቸው አራት እኩልዮሾች አሰባሰባቸው። ጀርመናዊው ሃይንሪኽ ኸርትዝ ደግሞ ከ1886 እስከ 1888 ባደረጋቸው ሙከራዎች ሞገዶቹ በእርግጥ መኖራቸውን በተግባር አረጋገጠ።

እንግዲህ ሕጉ ከታወቀ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕግን ማወቅና ከሕጉ መልስ ማውጣት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሎርድ ሬይሊ በ1897 ሞገድ ባዶ በሆነ የብረት ቱቦ ውስጥ ሊጓዝ እንደሚችል በሒሳብ አሳየ። ይህ ሐሳብ ለአርባ ዓመታት ያህል ተዘንግቶ ከቆየ በኋላ፣ በ1936 ጆርጅ ሳውዝወርዝ በቤል የምርምር ድርጅት፣ ዊልመር ባሮው ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በየራሳቸው ጥረት በተግባር አሳዩት። ዌቭጋይድ የሚባለው የሞገድ ቦይ ለሥራ የበቃው በዚህ ሁኔታ ነው።

ቀጥ ያለውን ቦይ በተመለከተ ወረቀትና እርሳስ በቂ ነው። ለምሳሌ በ10 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ለሚሠሩ መሣሪያዎች የተለመደው ቦይ የውስጥ ወርዱ 22.86 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 10.16 ሚሊ ሜትር ነው። የብርሃንን ፍጥነት ለወርዱ እጥፍ በማካፈል ብቻ፣ ድግግሞሹ ከ6.56 ጊጋኸርትዝ በታች የሆነ ሞገድ በዚህ ቦይ ሊተላለፍ እንደማይችል ይታወቃል። ነገር ግን ቦዩ ሲታጠፍ፣ ከሌላ ቦይ ጋር ሲገናኝ፣ ወይም በውስጡ ቀጭን ብረት ሲቆምበት፣ እኩልዮሾቹ ያው ሆነው ሳለ መልሱን በእጅ ሠርቶ መጨረስ እጅግ አዳጋች፣ አንዳንዴም የማይቻል ይሆናል። በንድፍ ሥራ ላይ የሚያስፈልጉት ግን እነዚሁ ማጠፊያዎችና መገናኛዎች ናቸው።

ሞረድ፣ ብሎንና መጽሐፍ

ችግሩን አጣዳፊ ያደረገው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የካቲት ወር ገና ሳያልቅ፣ በአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1940፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ማግኔትሮን የተባለውን የሞገድ ማመንጫ አዲስ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ አሠሩ። መሣሪያው ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሞገድ፣ በዚያን ጊዜ ተሰምቶ በማያውቅ ኀይል አመነጨ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በሄንሪ ቲዛርድ የተመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ማግኔትሮኑን ወደ አሜሪካ ወሰደው። በቀጣዩም ወር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የጨረር ላቦራቶሪ የተባለው ታላቅ የራዳር ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ጣቢያው በ1945 መጨረሻ እስኪዘጋ ድረስ፣ በሠራተኛው ብዛት ከፍተኛ በነበረበት ወቅት ወደ 4000 የሚጠጉ ሰዎችን ያሠራ ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ የማይክሮዌቭ ዕቃ የሚነደፈው በመቁረጥ፣ በመለካትና እንደገና በመቁረጥ ነበር። ሠራተኛው ናሱን ቆርጦ ይበይዳል፤ ሞገድ ያስገባበትና ምን ያህሉ ተንጸባርቆ እንደ ተመለሰ ይለካል፤ መልሱ ካላረካው በሞረድ ይሞርዳል፣ ወይም ወደ ቦዩ ውስጥ የሚዘልቅ ትንሽ ብሎን እያጠበቀና እያላላ፣ ክራር እንደሚቃኝ ሰው ይቃኘዋል። ፊሊፕ ስሚዝ በ1939 ያሳተመው ክብ ሠንጠረዥም አድካሚውን ሒሳብ በወረቀት ላይ በኮምፓስና በማስመሪያ ለመጨረስ የሚያስችል በመሆኑ፣ በየመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ቦታ አገኘ።

ከዚሁ ጎን የንድፈ ሐሳብ ሊቃውንትም ሥራ ፈተው አልተቀመጡም። በ1965 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ጁሊያን ሽዊንገር በጦርነቱ ጊዜ በጨረር ላቦራቶሪው ውስጥ የተሠማራው በዚሁ በሞገድ ቦይ ጥናት ላይ ነበር። የእርሱና የባልደረቦቹ ዋና ብልሃት በአንድ ማጠፊያ ወይም ቀዳዳ ዙሪያ የሚፈጠረውን የተወሳሰበ ሞገድ እንዳለ ከመግለጽ ይልቅ፣ ያንኑ ውጤት በሚሰጥ ቀላል የኤሌክትሪክ ዑደት መተካት ነበር። ላቦራቶሪው ከተዘጋ በኋላ ዕውቀቱ በ28 ቅጾች ተጠቃሎ ከ1947 ጀምሮ መታተም ያዘ። ከእነዚህም 10ኛው፣ ናታን ማርኩቪትዝ አዘጋጅቶት በ1951 የወጣው የዌቭጋይድ መመሪያ መጽሐፍ፣ ለብዙ ዓመታት የነዳፊዎች ዋና መመሪያ ሆኖ ኖሯል። በዚህ መጽሐፍ ዘንድ ልናስተውለው የሚገባው ነገር አለ። በንድፈ ሐሳብ የተሰላው ውጤት ስሕተቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ተገልጾ፣ በብዙ ቦታም ከመለኪያ ውጤት ጋር ተነጻጽሮ ነው የቀረበው። ስሌትና መለኪያ እንደ ባልና ሚስት አብረው ይኖሩ ነበር።

ኮምፒዩተር በመጀመሪያ የዑደት አስሊ ሆኖ ገባ

ኮምፒዩተር ወደዚህ ሙያ የገባው ሞገዱን ራሱን ለማስላት አልነበረም። መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ፣ ጠባያቸው አስቀድሞ የታወቀ ክፍሎች በአንድነት ሲቀጣጠሉ የሚሰጡትን ውጤት መደመር ነበር። ለዚህ ሁለት ነገሮች መንገድ ጠረጉ። አንደኛው የንድፈ ሐሳብ ሥራ ሲሆን፣ ካነዩኪ ኩሮካዋ በ1965 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ወደ አንድ መሣሪያ ከገባው ሞገድ ስንቱ እንደ ተመለሰና ስንቱ እንዳለፈ የሚናገሩትን ኤስ-ፓራሜትር የተባሉ ቁጥሮች በጽኑ መሠረት ላይ አኖረ። ሁለተኛው መለኪያ ነው። ሂውለት-ፓካርድ የተባለው ኩባንያ በ1967 ኔትዎርክ አናላይዘር የተባለውን መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ እነዚህን ቁጥሮች በሰፊ የድግግሞሽ ክልል ውስጥ መለካት የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ትራንዚስተሩ ተለክቶ ቁጥሮቹ ለኮምፒዩተር ይሰጡ ጀመር። በትውልዱ ሀንጋሪያዊ የሆነው ሌስ ቤሰር በ1973 ኮምፓክት የተባለ የማይክሮዌቭ ዑደት ማስሊያ ፕሮግራም ለባለሙያዎች አቀረበ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ስፓይስ የተባለው የዑደት ማስመሰያ ፕሮግራም ይፋ ሆነ፤ ሎሬንስ ኔጌል በ1975 ያወጣው ሁለተኛው እትም በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ።

እነዚህ ፕሮግራሞች የነዳፊውን ድካም እጅግ ቀነሱ። ነገር ግን አንድ ወሰን ነበራቸው፤ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው እንደ ቆመ አድርገው ይወስዱታል። በተግባር ግን ሁለት መስመሮች ተቀራርበው ሲቀመጡ ሞገዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። መሣሪያው እያነሰና ድግግሞሹ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ይህ መሻገር ችላ የማይባል ሆነ። ስለሆነም ከዑደት ወርዶ የማክስዌልን እኩልዮሾች ራሳቸውን ማስላት ግድ መጣ።

ሦስቱ መንገዶች

እኩልዮሾቹን ለማስላት የተቀየሱት ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ሲሆኑ፣ ሦስቱም በ1960ዎቹ ዓመታት ውስጥ ተጀመሩ።

የመጀመሪያው ሮጀር ሃሪንግተን በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ያስፋፋውና በ1968 በመጽሐፍ ያወጣው የሞሜንት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ በጠፈሩ ሁሉ ያለው ሞገድ አይሰላም፤ የሚፈለገው በብረቱ ገጽ ላይ የሚፈሰው ጅረት ብቻ ነው። ብረቱ በትናንሽ ቁራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በሌላው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በማትሪክስ ይጻፋል። ቁራጮቹ 1000 ከሆኑ ማትሪክሱ አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች ይኖሩታል። ስለዚህ ዘዴው ቶሎ የበጀው ጥቂት ቁራጮች ለሚበቁት ለሽቦ አንቴና ነው። በሎሬንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ተዘጋጅቶ ሰነዱ በ1981 የወጣው ኔክ የተባለው የአንቴና ፕሮግራም የዚህ መንገድ ፍሬ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኬን ዪ የተባለው ቻይና ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ በግንቦት 1966 ያሳተመው ነው። ዪ ጠፈሩን በጥቃቅን ኪዩቦች ከፋፈለው። የኤሌክትሪኩን መስክ በኪዩቦቹ ጠርዞች ላይ፣ የማግኔቱን መስክ በገጾቻቸው መካከል አስቀመጠ። ጊዜንም እንዲሁ ቆራርጦ፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ፣ ከግማሽ እርምጃ በኋላ ማግኔቱ፣ ከዚያም እንደገና ኤሌክትሪኩ እንዲሰላ አደረገ። በቤተ ክርስቲያን ግራና ቀኝ ቆመው ዜማውን በየተራ እንደሚቀባበሉ ደብተራዎች፣ ሁለቱ መስኮች እርስ በርስ እየተቀባበሉ ሞገዱን ወደፊት ያራምዱታል። ለዚህ ማትሪክስ መፍታት አያስፈልግም፤ መደመር፣ መቀነስና ማባዛት ይበቃል።

ሦስተኛው መንገድ ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ የአውሮፕላንና የሕንፃ አካላትን ጥንካሬ ለማስላት ያገለግል የነበረ ሲሆን፣ በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ፒተር ሲልቨስተር በ1969 ወደ ሞገድ ቦይ ስሌት አመጣው። ጠፈሩን በእኩል ኪዩቦች ሳይሆን በሦስት ማዕዘኖች ስለሚከፋፍል ጠመዝማዛ ቅርጽን በሚገባ ይከተላል።

ሦስቱም መንገዶች በወረቀት ላይ ያማሩ ነበሩ። በሥራ ላይ ሲውሉ የገጠማቸውን መሰናክል ቀጥለን እንመልከት።

የጊዜው እርምጃ

የዪ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሚያነሣው ሰው እምብዛም አልነበረም። አንዱ ምክንያት የኮምፒዩተሮች ዐቅም ማነስ ነው። በየአቅጣጫው 100 ኪዩብ ያለው ጠፈር አንድ ሚሊዮን ኪዩቦች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ኪዩብ ስድስት የመስክ ቁጥሮች ቢያዙ ስድስት ሚሊዮን ቁጥሮች ይሆናሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1976 የወጣውና በዘመኑ ወደር ያልነበረው ክሬይ-1 ኮምፒዩተር እንኳ በማኅደረ ትውስታው የሚይዘው አንድ ሚሊዮን ያህል ቁጥሮችን ብቻ ነበር። ይባስ ብሎም የኪዩቡ ጎን በግማሽ ሲቀነስ የኪዩቦቹ ብዛት በስምንት፣ የጊዜው እርምጃ ብዛት በሁለት፣ ጠቅላላው ሥራ በ16 ይባዛል።

ነገር ግን ሌላም ችግር ነበር። በእንዲህ ያለ ስሌት የጊዜው እርምጃ ከተወሰነ ልክ ማለፍ የለበትም። ሪቻርድ ኩራንት፣ ኩርት ፍሪድሪክስና ሃንስ ሌዊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ጉዳይ በ1928፣ ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ በፊት፣ አጥንተውታል። ልኩ ከታለፈ ቁጥሮቹ ያለ ገደብ እያደጉ ሄደው ስሌቱ ከንቱ ይሆናል። ዪ በጽሑፉ ላይ ያሰፈረው ልክ ግን ትክክለኛ አልነበረም፤ ለእኩል ኪዩብ ሲሰላ ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በ10 ጊጋኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ በ20 ቢከፈል የኪዩቡ ጎን 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ትክክለኛው የጊዜ እርምጃም ከሴኮንድ ትሪሊዮንኛ 2.9 ሊበልጥ አይገባውም። በጽሑፉ ላይ ያለው ቀመር ግን እስከ 8.7 ድረስ ይፈቅዳል። በዚህ ፈቃድ የተጓዘ ሰው ስሌቱ ፈርሶ ያገኘዋል።

ስሕተቱን ያረሙት በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አለን ታፍሎቭና ሞሪስ ብሮድዊን ናቸው። በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ ትክክለኛውን ልክ ከማስቀመጣቸውም በላይ፣ ዘዴውን መልሱ በወረቀት ሊሰላ በሚችል ክብ ዘንግ ላይ ፈትነው ውጤቶቹን አነጻጸሩ። ፈተናውን ካለፈ በኋላ ነው በዚያው ዓመት መልሱ በማይታወቅ ጥያቄ ላይ ያዋሉት፤ ይኸውም ማይክሮዌቭ ያረፈበት የሰው ዓይን ውስጡ ምን ያህል እንደሚሞቅ በአምሳያ ማስላት ነበር። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባል። በመጀመሪያ ክብ ዘንግ፣ ከዚያ በኋላ የሰው ዓይን። ታፍሎቭ በ1980 ለዘዴው ኤፍ-ዲ-ቲ-ዲ የተባለውን፣ ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቅበትን ስም ሰጠው።

የጠፈሩ ዳርቻ

ሁለተኛው መሰናክል የሚከተለው ነው። አንቴና የሚልከው ሞገድ ወደ ማያልቀው ጠፈር ይሄዳል፤ የኮምፒዩተሩ ጠፈር ግን የሆነ ቦታ ላይ ማለቅ አለበት። የኪዩቦቹ መረብ ያለቀበት ዳርቻ ካልታሰበበት እንደ መስታወት ሆኖ ሞገዱን ይመልሰዋል። አንቴናው በሜዳ ላይ እንደ ቆመ ታስቦ ሳለ፣ ስሌቱ ሳይታወቅ በብረት ክፍል ውስጥ ያስገባዋል ማለት ነው። ሥዕሉ ያው ያማረ ሥዕል ነው፤ መልሱ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው።

ስሕተቱ የሚጋለጠው ቀላል በሆነ ብልሃት ነው። ያንኑ ስሌት እጅግ በሰፋ መረብ ላይ በመድገም፣ ከሩቁ ዳርቻ የተመለሰው ሞገድ ከመድረሱ በፊት ያለውን ውጤት መውሰድ ይቻላል። ይህ ውጤት ከመመለስ ስሕተት ንጹሕ ስለሆነ ትንሹ መረብ በእርሱ ይመዘናል። በዚህ ዓይነት ፈተና ዳርቻዎች እየተሻሻሉ ሄዱ። ብዮርን ኤንግክዊስትና አንድሩ ማይዳ በ1977 ሞገድን የሚያሳልፍ ዳርቻ ቀመር አወጡ፤ ጌሪት ሙር በ1981 ቀመሩን ለዪ መረብ አስማማው። ይሁንና ሞገዱ ወደ ዳርቻው በሰያፍ ሲመጣ ጥቂቱ መመለሱ አልቀረም። ፈረንሳዊው ዣን-ፒየር ቤራንዤ በ1994 ሞገድ ከየትኛውም አቅጣጫና በየትኛውም ድግግሞሽ ቢመጣ፣ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ምንም ሳይመልስ የሚውጥ ሰው ሠራሽ ንጣፍ አቀረበ። በተፈጥሮ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የተፈጠረው በሒሳብ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አንቴናን በዚህ ዘዴ በከፍተኛ ጥራት ማስላት ተቻለ።

ሐሰተኞቹ ሞገዶች

ከሦስቱ መሰናክሎች እጅግ አሳሳቹ ፋይናይት ኤለመንትን የገጠመው ነው። የዪ ስሌት ሲሳሳት ቁጥሮቹ አብጠው ስለሚፈርሱ ስሕተቱ ራሱን ይናገራል። የፋይናይት ኤለመንት ስሕተት ግን ትክክለኛ መልስ መስሎ ይቀርባል።

ከ1970 ገደማ ጀምሮ ተመራማሪዎች በከፊል በኢንሱሌተር የተሞላ የሞገድ ቦይ ሲያሰሉ፣ ኮምፒዩተሩ በእርግጥ ከሚኖሩት ሞገዶች ጋር በተፈጥሮ የማይገኙ ሌሎች ሞገዶችን ቀላቅሎ ያቀርብላቸው ጀመር። ሐሰተኞቹ እንደ እውነተኞቹ ሁሉ የየራሳቸው ድግግሞሽና ቅርጽ ነበራቸው። መልሱን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው ሐሰተኛ እንደሆነ ሊለይ አይችልም። ነገሩ የታወቀው ባዶ ወይም ቀላል በሆነ ቦይ ላይ፣ የሞገዶቹ ዝርዝር በወረቀት ከተሰላው ጋር ሲተያይ ትርፍ ሆኖ በመገኘቱ ነው። መረቡን ማጥበቅም አልጠቀመም፤ እንዲያውም ሐሰተኞቹን ያበዛ ነበር።

ምክንያቱ ሲመረመር ከዘዴው አመጣጥ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። የሕንፃ መሐንዲስ የሚፈልገው የእያንዳንዱን መጋጠሚያ ነጥብ መንቀሳቀስ ስለሆነ ያልታወቁትን ቁጥሮች በነጥቦቹ ላይ ያስቀምጣል። የኤሌክትሪክ መስክ ጠባይ ግን የተለየ ነው። ሁለት ቁሶች በሚገናኙበት ወለል ላይ፣ ከወለሉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄደው የመስኩ ክፍል ሳይቋረጥ ያልፋል፤ ወለሉን ቀጥ ብሎ የሚወጋው ክፍል ግን በድንገት ይለወጣል። ቁጥሮቹ በነጥቦች ላይ ሲቀመጡ ይህን ጠባይ በትክክል መግለጽ አይችሉም፤ ክፍያ በሌለበት ቦታ ክፍያ እንዳለ የሚያስመስል መስክም ሾልኮ ይገባል።

መፍትሔው የመጣው ቁጥሮቹን ከነጥቦቹ አንሥቶ በጠርዞቹ ላይ በማስቀመጥ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዣን-ክሎድ ኔዴሌክ በ1980 ለዚህ የሚሆኑትን ቅርጾች በሥርዓት አወጣ፤ በ1980ዎቹ ዓመታት ውስጥ አላን ቦሳቪና ሌሎች ከማክስዌል እኩልዮሾች ጋር ያላቸውን ዝምድና አሳዩ። በጠርዝ ላይ የተሠራው አዲሱ ዘዴ ሐሰተኞቹን ሞገዶች ከእውነተኞቹ ድግግሞሾች መካከል አስወገዳቸው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ዪ በ1966 የኤሌክትሪኩን መስክ ያስቀመጠው በኪዩቡ ጠርዝ ላይ እንደነበር አንባቢው ያስታውሳል። ጀርመናዊው ቶማስ ቫይላንትም በ1977 ባወጣው ዘዴ በዚሁ መንገድ ተጉዟል። በሌላው ጎራ ብዙ ዓመት የተለፋበት መፍትሔ ፍንጩ እምብዛም ባልተነበበ ጽሑፍ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

የሲልቨስተር ደቀ መዝሙር የነበረውና ሐሰተኞቹን ሞገዶች ከመነሻው ያውቃቸው የነበረው ዞልታን ሴንደሽ በ1984 አንሶፍት የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው በጠርዝ ዘዴ ላይ የተመሠረተውን ኤች-ኤፍ-ኤስ-ኤስ የተባለ ፕሮግራም በ1990 ለገበያ አበቃ። በቫይላንት ዘዴ የሚሠራውም ፕሮግራም በ1992 በዳርምሽታት ከተማ በተመሠረተ ኩባንያ አማካይነት ወጣ። ከዚያ ወዲህ የማስመሰያ ስሌት የተመራማሪዎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የማንኛውም ነዳፊ የሥራ መሣሪያ ሆነ።

ከታሪኩ የምንወስደው

ክሬይ-1 ሊይዘው ያልቻለውን ስሌት ዛሬ አንድ ተማሪ በቦርሳው ይዞት በሚዞር ኮምፒዩተር ይጨርሰዋል። ቀደም ሲል የጠቀስነው የኔክ ፕሮግራም ሁለተኛ እትም ያለ ክፍያ በነጻ የሚገኝ ሆኗል። ይህ ለእንደኛ ላለ አገር ባለሙያ ታላቅ በረከት መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በረከቱ አንድ አደጋ ይዞ መጥቷል። የጨረር ላቦራቶሪው ሰዎች ስሌት የተማሩት መለኪያ በእጃቸው ይዘው ነበር። ቤሰርም ሆነ ሌሎቹ ፕሮግራም የጻፉት የተለካ ቁጥር ይዘው ነው። ዛሬ ግን ፕሮግራሙ በቀላሉ ሲገኝ መለኪያው በውድነቱ ምክንያት እንደ ልብ አይገኝም። ከዚህ የተነሣ ስሌትን ያለ ምስክር የሚቀበል ትውልድ ሊፈጠር ይችላል።

ለዚህ የሚሆነው መድኀኒት ከዚሁ ታሪክ ይገኛል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። አንደኛ፣ በማንኛውም አዲስ ፕሮግራም የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ይሁን። ለምሳሌ ጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተዘጋ የብረት ኪዩብ ዝቅተኛው የማስተጋባት ድግግሞሹ የብርሃን ፍጥነት ለጎኑ እጥፍ ተካፍሎ፣ በሁለት ዳግም ዘር ሲባዛ የሚገኘው 7.07 ጊጋኸርትዝ ነው። ፕሮግራሙ ከዚህ የራቀ መልስ ከሰጠ፣ ወይም ከዚህ በታች ሌላ ማስተጋቢያ አገኘሁ ካለ፣ ስሕተቱ ከፕሮግራሙ ወይም ከአጠቃቀማችን ነው። ሁለተኛ፣ መረቡን አጥብቆ ስሌቱን መድገም፣ ዳርቻውንም አርቆ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ መልሱ ከተለዋወጠ ገና መልስ አልሆነም። ሦስተኛ፣ ስሌቱ የሚናገረው ስለ ሥዕሉ እንጂ በሠራተኛው እጅ ስለ ተሠራው ዕቃ አለመሆኑን አለመርሳት ነው። ከላይ ያነሣነው ኪዩብ ጎኖቹ በሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢረዝሙ ድግግሞሹ በ70 ሜጋኸርትዝ ያህል ዝቅ ይላል። ይህን የሚነግረን መለኪያ ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ሩቅ ቦታ ቢሆንም፣ በጋራ የሚጠቀሙበት ቢሆንም፣ ከብዙ ንድፍ አንዱን እንኳ ወስዶ ማስለካት ይገባል።

ታፍሎቭና ብሮድዊን ከሰው ዓይን በፊት ክብ ዘንጉን ባያስቀድሙ ኖሮ፣ ስለ ዓይኑ የሰጡትን ቁጥር የሚያምን ባልኖረም ነበር። የማኅበራችን አባላት፣ በተለይም በየተቋሙ ወጣቶችን የምናስተምር፣ ለተማሪው ፕሮግራሙን ከማስተማራችን በፊት ባዶውን ኪዩብ በወረቀት እንዲያሰላ ብናደርገው፣ ከዚህ ረጅም ታሪክ የሚገባንን ድርሻ ወስደናል ማለት ይቻላል።